ኬክና ቡና ብቻ ማዘዝ ያሳፍራል እንዴ?

ፍሎሪዳ በሚገኘው የዲስኒ ማጂክ ኪንግደም መዝናኛ ውስጥ «ቢ አወር ጌስት» የሚባል ምግብ ቤት አለ። የተከፈተው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተሠራውም የአውሬውን ቤተ መንግሥት አስመስሎ ነው። ገብታችሁ «ኬክና ቡና ብቻ» ብትሉስ? በቅርብ ዓመታት እዚያ የሚከፈለው ለሙሉ ማዕድ የተቆረጠ አንድ ዋጋ ነው። ለምን?

ምክንያቱ ኬኩ ሳይሆን ወንበሩ ነው። አንድ ሰው ሙሉ ምግብ በልቶ በ60 ደቂቃ 60 ዶላር ከፈለ እንበል፤ ወንበሩ በደቂቃ 1 ዶላር አስገባ ማለት ነው። እናንተ ደግሞ 40 ደቂቃ ተቀምጣችሁ 20 ዶላር ከፈላችሁ። በደቂቃ 50 ሳንቲም ብቻ! ውጭ ሰልፍ ካለ፣ የእናንተ ኬክ ለቤቱ የሌላ ሰው ምሳ ያሳጣዋል። ኢኮኖሚስቶች ይህን «የታለፈ ዕድል ዋጋ» ይሉታል።

ሰልፍ ከሌለስ? ነገሩ ይገለበጣል። ባዶ ወንበር ልክ እንደ አውሮፕላን ወንበር ነው፤ ያለፈበት ሰዓት ነገ አይሸጥም። ያኔ የእናንተ 20 ዶላር ከምንም ይሻላል።

ስለዚህ ኬክና ቡና ካማራችሁ፣ በየምግቡ ዋጋ የሚያስከፍል ቤት ምረጡ፤ የምሳው ግርግር ጋብ ሲልም ግቡ። በቃ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዋናው ሰዓቱ ነው።