ከክሊኒክ የወጣ ቁጥር ስለ ማን ይናገራል?

በዶርም ስለ አባላዘር በሽታ ሲወራ አንዱ የሆነ ቦታ ያነበበውን መቶኛ ይጠቅሳል፤ ወሬውም ወዲያው «ግቢው እኮ አልቋል» ወደሚል ይዞራል። እንዲህ ያለው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ክሊኒክ ከመጡ ሰዎች ነው። ክሊኒክ የሚሄደው ደግሞ የታመመ ወይም የሰጋ ሰው ነው።

በአገራችን ይህ በግልጽ የታየው በኤች አይ ቪ ላይ ነው። ለዓመታት የስርጭቱ ግምት ይሠራ የነበረው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ከመጡ ነፍሰ ጡሮች ደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ መንገድ የተገኘው ግምት 3.5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቤት ለቤት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን 1.4 በመቶ አገኘ። ያኔ ከሠለጠነ ባለሙያ ክትትል ያገኙት እናቶች 28 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ክትትል የማግኘት ዕድላቸውም የከተማ እናቶች ከገጠሮቹ ይበልጥ ነበር። ቫይረሱ ደግሞ የሚበዛው ከተማ ነው፦ በ2016ቱ ጥናት ከተማ 2.9፣ ገጠር 0.4 በመቶ። (የቤት ለቤቱም ጥናት ደም አንሰጥም ያሉትን ስለማያካትት እንከን አያጣም።)

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ሕክምናው የሚሰጠው በላቦራቶሪ ተረጋግጦ ሳይሆን በምልክት ነው። ፈሳሽ የበዛባት እህት የአባላዘር መድኃኒት ታዝዞላት ሊሆን ይችላል፤ ያመማት ግን ከግንኙነት ጋር የማይያዝ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሽንት ማቃጠልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሰውን ካርድ ወይም መድኃኒት አይቶ መጠርጠር፣ ዲናችን ከከለከለው መጥፎ ጥርጣሬ መሆኑ ሳያንስ፣ በሕክምናም መሠረት የለውም።

በተቃራኒው ደግሞ ክሊኒክ የማይደርሱ ብዙ ናቸው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ሳይታከም ከቆየ ግን መካንነት ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝና ትሪኮሞናስ በአንድ ዓመት ብቻ 374 ሚሊዮን ጊዜ አዲስ ተይዘዋል። አራቱም በመድኃኒት ይድናሉ። ሐያእ መልካም ባሕርይ ነው፤ ከሐኪም ፊት የሚያስቀር ሲሆን ግን ቦታውን ስቷል።

ዝሙትን መራቅ ዋናው መከላከያ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ አንደግመውም። ነገር ግን ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከእናትም ይወረሳሉ፤ በደምም ይተላለፋሉ። ኒካሕ ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች የኤች አይ ቪ ውጤት ብቻ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ እነዚህንም ሁለቱን አብረው ቢመረመሩ እንመክራለን። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ በአንዱ ቢገኝ ሌላው ይከተባል፤ ኒካሑም ላይፈርስ ይችላል። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለሚሰጥ ቀን ከመቆረጡ አስቀድሞ መመርመር ይሻላል።