ባለቤት እንጂ ወራሽ አይደለችም፦ የሟች ሚስት የንብረት መብት በሐዲያና በከምባታ ከተሞች

በሆሳዕናና በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ፣ ባል ሞቶ የለቅሶው ድንኳን ሲነሣ ሚስቲቱ ከቤቱ፣ ከመሬቱና ከእንሰቱ ምን ይደርሳታል የሚለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ «ምን ትወርሳለች?» በሚል ቃል ስለሚነሣ፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አቅጣጫውን ይስታል። ምክንያቱም በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና የውርስ ክፍሉ እስካሁን የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሟች ኑዛዜ ሳይተው ከሞተ በመጀመሪያ ልጆቹን (አንቀጽ 842)፣ ልጅ ከሌለው ወላጆቹን፣ እነርሱና ተወላጆቻቸው ከሌሉ አያቶቹንና ከዚያ በላይ ያሉትን ለውርስ ይጠራል፤ ዘመድ ጨርሶ ካልተገኘም ሀብቱን ለመንግሥት ይሰጣል። መንግሥት እንኳ በመጨረሻው ወንበር በተቀመጠበት በዚህ ረድፍ ሚስት ስፍራ የላትም።

ረድፉ የተሠራው በደም ላይ ነው፤ ሀብት ከዘር ወደ ዘር ይወርዳል እንጂ በጋብቻ ወደ ሌላ ዘር አይሻገርም የሚለው አሳብ በሐዲያና በከምባታ ሽማግሌዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሕጉን ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ላደጉበት ለፈረንሳይ የውርስ ሕግም በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ይሁንና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ሕግ በሕይወት የቀረውን የትዳር ጓደኛ ከልጆች ጐን ወራሽ ስታደርግ፣ የኢትዮጵያው ሕግ በቆመበት ቆሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ በእኩልነት እንዲታዩ ቢያዝም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልንም እንደ ሚስት ከረድፉ ያስወጣ በመሆኑ በወረቀት ላይ ልዩነት አያሳይም፤ ሁለቱን እኩል የነፈገ ሕግ ግን ንብረቱ በባል ስም በተመዘገበበት አገር ሁለቱን እኩል አይጎዳም።

የሚስት መብት የሚገኘው በውርስ ሕግ ሳይሆን በቤተሰብ ሕግ ነው። «ባለቤት» የሚለው የአማርኛ ቃል የትዳር ጓደኛንም የንብረት ጌታንም እንደሚያመለክት ሁሉ፣ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው በግል ጥረታቸውም ሆነ ከንብረታቸው ያገኙትን ገቢ «የጋራ ንብረት» ይለዋል፤ በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የቀድሞው የደቡብ ክልል በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋራ ንብረትን መርሕ ይከተላል። ስለዚህ ባል ሲሞት ጋብቻው ይፈርሳል፣ የጋራው ንብረት ለሁለት ይከፈላል፣ የሚስት ግማሽ ቀድሞም የራሷ ስለነበረ ወደ ውርስ አይገባም፤ ለወራሾች የሚተላለፈው የሟቹ ግማሽና የግል ንብረቱ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ፣ ማለትም ክፍፍሉ ሳይደረግ የወራሽነት ማስረጃ (ፍርድ ቤት ለወራሾች የሚሰጠው ወረቀት) ወጥቶ ንብረቱ ሁሉ የሟች ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሚስቲቱ የራሷን ድርሻ ከሌሎች እጅ የምትለምን ትሆናለች።

ልጆች ያሏት ሴት ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ድርሻ በሞግዚትነት ስለምታስተዳድር ችግሩ ለጊዜው ሊሸፈን ይችላል። ልጅ የሌላት ግን የሟቹን ግማሽ ከአማቶቿ ጋር፣ አማቷ ከሞቱም በእግራቸው ከተተኩት የባሏ ወንድሞችና እህቶች ጋር ትጋፈጣለች። ሴቶች ልጆች ብቻ ያሏትም ብትሆን፣ ሕጉ ሴትና ወንድ ልጅን እኩል ቢያወርስም መሬት ለወንድ ነው ከሚለው ልማድ ጋር ትገጥማለች።

በአካባቢው «ሴራ» ማለት በአማርኛ እንደሚታወቀው የስውር ተንኮል ስያሜ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ደንብና ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከቆዩት ልማዶች አንዱ የሟች ወንድም ሚስቲቱን «የሚወርስበት» የውርስ ጋብቻ ሲሆን፣ ሴቲቱንና ልጆቿን ያለ ጧሪ ላለማስቀረት የታሰበ ቢሆንም እርሷንም መሬቱንም በባል ዘር ውስጥ ያስቀራል፤ ወራሽ መሆን ያልቻለችው ራሷ ውርስ ትሆናለች። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 9 ሴት የባሏን ወንድም እንዳታገባ በግልጽ ይከለክላል። በከምባታ ተወላጇ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለ ድርጅት ከሴት ልጅ ግርዛትና ከጠለፋ ጋር ይህን ልማድም ለማኅበረሰብ ውይይት አቅርቦታል።

የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚከፈለው የይዞታ መብት ነው፤ በ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ (ቁጥር 456) የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በባልና ሚስት ስም እንዲዘጋጅ መደረጉ ለሟች ሚስት ከብዙ ምስክር የሚሻል ማስረጃ ሆኗል። በእንሰት ግን ነገሩ ይረቃል፤ ተክሉ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፣ የጓሮው ድካምና የቆጮው ሥራ በዋናነት የሴት ነው፣ ሆኖም በሽምግልና ክፍፍል ላይ ለመሬቱ ተከታይ ሆኖ ሊታለፍ ይችላል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዳቸው ለጥያቄው አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ባል በላከው ገንዘብ በሆሳዕና የተሠራ ቤት በወንድሙ ወይም በአባቱ ስም ከተመዘገበ፣ በባልና ሚስት መካከል የሚሠራው የጋራነት ግምት ሦስተኛውን ሰው አይነካም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የባለቤትነት ደብተሩ በስሙ የወጣለትን ሰው እንደ ባለቤት ስለሚቆጥር፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በሚስቲቱ ላይ ይወድቃል፤ ገንዘቡ በማን በኩል እንደተላከ የሚያሳየው የባንክ ወረቀትም ብዙውን ጊዜ ያለው በሚከራከራት ወገን እጅ ነው። ባል በመንገድ ጠፍቶ ከቀረ ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲያውጅ ሕጉ አቤቱታ ይፈቅዳል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ሴቲቱ በሕግ ዓይን ባለ ትዳር ናትና የምትጠይቀው ክፍፍል የለም።