ሥዕል ያዘለ ፓኮ

የሲጋራ ካርድ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ወፍራም ወረቀት ነው። በፊቱ ባለቀለም ሥዕል፣ በጀርባው አጭር ማብራሪያና የፋብሪካው ስም ይታተምበታል። ሲጀመር ፓኮ ውስጥ የገባው ለጌጥ አልነበረም። የዘመኑ ፓኮ ስስ ወረቀት ስለነበር፣ ሲጋራው እንዳይጣመም የሚደግፈው ነገር አስፈልጎ ነው። ደጋፊውን ወረቀት ማስታወቂያ ካደረጉት መካከል የአሜሪካው አለን ኤንድ ጊንተር ይገኝበታል፤ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የእንግሊዙ ዊልስም ተከተለ።

ብልሃቱ ቁጥሩ ላይ ነበር። ወፎች፣ ባንዲራዎች፣ ነገሥታት፣ ተዋንያን በ25 ወይም በ50 እየተመደቡ ይወጣሉ። 49 ይዞ አንዷ የጎደለችበት ሰው ሌላ ፓኮ ይገዛል። ልጆችም ከአጫሾች እየለመኑ ይሰበስቡና ይለዋወጡ ነበር።

ካርድ የመሰብሰቡ ልማድ ግን ከሲጋራው ይቀድማል፤ የወሎ ደጋም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ፈረንሳዊው ዲስዴሪ በ1854 (እ.ኤ.አ.) በአንድ መስታወት ላይ በርካታ ምስል የማንሣት ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ የፎቶግራፍ ካርድ ረከሰ፤ የታዋቂ ሰዎችን ምስል ገዝቶ በአልበም ማኖርም ፋሽን ሆነ።

እዚያው ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ መቅደላ አምባ ላይ አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም መንገድ ላይ አረፉ። በዚያው ክረምት ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ፎቶግራፍ አነሣችው። ወላጆቹን ባጣ በወራት ውስጥ የልጁ ምስል በካርድ ታትሞ ይሸጥ ጀመር። ዓለማየሁ በ1879 (እ.ኤ.አ.) በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አረፈ።

የሲጋራው ካርድ ይህን ገበያ ወርሶ የሩቁን ሰውና አገር ለገዢ ማጥመጃ አደረገ፤ ማስቲካም ተከተለው። በ1938 (እ.ኤ.አ.) የፊላደልፊያው ጋም ኢንክ ከማስቲካ ጋር ባወጣቸው የጦርነት ካርዶች ላይ የጣሊያን ወረራ በኢትዮጵያ ተሥሏል።

ዛሬ በአገራችን ነገሩ ተገልብጧል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሎ፣ የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ ለጤና ማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል ሰጥቷል። ሥዕል ገዢ እንደሚስብ ያስተማሩት ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ አዋጁ ያንኑ ኃይል ገዢን ለማራቅ አውሎታል።