ልጅዎ አፉን ለመፍታት ሲዘገይ

በድሬዳዋ ሕፃናት አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ እየሰሙ ያድጋሉ። በመሆኑም አንድ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት ሳይናገር ሲቀር «ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው፤ ሲያድግ ይስተካከላል» ሲባል ይሰማል። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ልጁን ውድ ጊዜ ያሳጣዋል። ብዙ ቋንቋ መስማት ብቻውን ንግግርን አያዘገይም። በአማርኛ 10፣ በሶማሊኛ 10 ቃላት የሚናገር ልጅ 20 ቃላት አለው ማለት ነው።

ልጅዎ በ12 ወሩ በጣቱ የማያመለክት ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የማይናገር፣ በ24 ወሩ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገናኝ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ይናገረው የነበረውን ካቆመ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ያስመርምሩት።

በመጀመሪያ የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋል። የማጅራት ገትር በሽታ፣ ሲወለድ የነበረ ከባድ የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን፣ ተደጋጋሚ የጆሮ መግል መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጤና ጣቢያው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሊልክዎ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ በእናት አያያዝ ጉድለትም አይመጣም።

የልዩ ፍላጎት ቅድመ መደበኛ ክፍሎች አንድ መምህር ለጥቂት ልጆች የሚመደብባቸው በመሆናቸው የሚቀበሉት ተማሪ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ በ2002 ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። ዛሬም ቦታው ከፈላጊው ያነሰ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ይጠቅማል።

በእነዚህ ክፍሎች የሴቶች ቁጥር ማነሱም ልብ ሊባል ይገባል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ኦቲዝም እንዳለባቸው በምርመራ ከሚታወቁ ልጆች መካከል ለአንዲት ሴት ሦስት ወይም አራት ወንዶች ይገኛሉ። ልዩነቱ በከፊል ሴቶቹ ሳይታወቁ በመቅረታቸው ነው። የሚያስቸግር ወንድ ልጅ ወደ ሐኪም ሲወሰድ፣ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት ልጅ «ጨዋ ናት፤ ዓይን አፋር ናት» ተብላ ትታለፋለች። ስለዚህ ዝምታዋን ብቻ ሳይሆን ዓይን ለዓይን መተያየቷን፣ ከእኩዮቿ ጋር መጫወቷንም ይከታተሉ።

ለምዝገባ ሲሄዱ የክትባት ካርዱን፣ የጆሮና የዓይን ምርመራ ውጤቱን ይያዙ። የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ፍላጎቱን የሚገልጽበትን መንገድ ጽፈው ይስጡ። ቦታ ከሌለ ስሙን አስመዝግበው፣ ተራው እስኪደርስ በአቅራቢያዎ ያለ መደበኛ አፀደ ሕፃናትን ያነጋግሩ። ቤት ውስጥም በሚቀልዎት ቋንቋ ያነጋግሩት፤ የሚያየውን ሁሉ ስሙን እየጠሩ ያሳዩት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ማንኛውም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ልጅዎን ከቤት ማውጣት የሚያሳፍር ሳይሆን መብቱን የሚያስከብር ነው።