ለሙሽሮች የተሰጠ ዜማ

ለወዳጅዎ ሰርግ ምን ስጦታ ይዘው ይሄዳሉ? አሜሪካዊው ድምፃዊ ፖል ስቱኪ ዜማ ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ ባልደረባው ፒተር ያሮው ሲያገባ፣ ጸልዮ የደረሰውን መዝሙር ለሙሽሮቹ በጊታር ዘመረላቸው። የግጥሙ መሠረት ዘፍጥረት 2፥24 እና ማቴዎስ 18፥20 ናቸው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ጌታ ራሱ «እኔ» እያለ ይናገር ነበር። ስቱኪ ግን ሰዎች «እኔ» ባዩ ዘማሪው እንዳይመስላቸው ሰግቶ «እርሱ» በሚል ለወጠው። አንዲት ቃል ናት፤ ግን የሰርጉን ክብር ለማን እንደሰጠች ልብ ይበሉ!

በ1971 በሸክላ ወጥቶ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 24ኛ ደረጃ ያዘ፤ የብዙ ጥንዶችም የሰርግ ዜማ ሆነ። ገንዘቡስ? ስቱኪ ዜማውን በጸሎት የተቀበለው ስለሆነ የራሴ ነው አላለም። የደራሲነት ገቢው «ፐብሊክ ዶሜይን ፋውንዴሽን» በተባለው ድርጅት በኩል ለበጎ አድራጎት እንዲውል አደረገ።