«ልቤን ያመኛል» ሲተረጎም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ስደተኞች ግን ሳንደብቀውም በሽታችን የሚጠፋበት ቦታ አለ። እሱም በአስተርጓሚና በነርስ መካከል ነው። ሁዲንጌ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ከገጠመኝ አንዱን ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው። አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጡ። ስዊድናዊቷ ባልደረባዬ ትጠይቃለች፣ ልጁ ይተረጉማል። «ልቤን ያመኛል» አሉ። ልጁም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ሕመሙን የልብ አደረገው። ወዲያው የልብ ምርመራ ተደረገ፤ ልባቸው ደህና ነው ተባለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደ ጨጓራ ሊያቃጥል ስለሚችል ምርመራው ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ እዚያ ላይ መቆሙ ነበር።

በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ። እኔም ጥድፊያ ላይ ነበርኩና በር ላይ እንደቆምኩ «እማማ፣ ሌላ የሚያምዎት አለ?» ብላቸው፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ያገራቸው ልጅ የሆንኩት እኔው «ሌላ ሕመም የላቸውም» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። ሊወጡ ሲነሡ ግን ጠረጴዛውን ያዙ፤ ፊታቸውም ገርጥቷል።

ልጁን ወደ ውጭ ላክሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ቤታቸውና ስለ ጾሙ ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ፣ «የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጣታቸው ያረፈው ጨጓራቸው ላይ ነው። ለጉልበታቸው ብለው ያለ ማዘዣ የገዙትን ኢቡፕሮፌን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በባዶ ሆዳቸው ይውጡ ኖሯል! «ሰገራዎስ እንዴት ነው?» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። «እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ይህን በልጅ ፊት እንዴት ብዬ ላውራ?» አሉ።

እንዲህ ያለ ሰገራ ጨጓራ እየደማ ለመሆኑ ምልክት ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ተላኩ፤ ተርፈዋል። ያን ቀን «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰላምታ እንደ መልስ ቆጥሬ ሸኝቻቸው ቢሆንስ?

የኛ ሰው ለነርስ እውነቱን የሚነግረው ከተከበረና ምሥጢሩ እንደሚጠበቅለት ካመነ ነው። ስዊድን ደግሞ አንቱታን ከተወች ቆይታለች። በ1967 የሕክምና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «አንተ፣ አንቺ» እንደሚሉ ካሳወቁ ወዲህ ልማዱ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ስለዚህ ነርሷ «አንቺ» ብትል ንቀት አይደለምና አንቀየማት።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። «በ8 ሰዓት ዋጡ» የተባለው ክኒን በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ እናቶቻችን ግን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይውጡታል። ነርሷ «ገባዎት?» ስትል በይሉኝታ «አዎ» ከማለት «እስቲ ልድገመው» ብሎ መልሶ መንገር ይሻላል።

መጥፎ ዜናንም በተመለከተ ልማዳችን ይለያያል። ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ አስቀድሞ የሚነገረው ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይደለም። እዚህ ግን ለራስ ነው የሚነገረው። ዘመድ አጠገባችሁ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከጥር 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስዊድን የታካሚዎች ሕግ መረጃው ከታካሚው የቋንቋ ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ያዛል። እንግዲያው ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ ቶልክ እፈልጋለሁ» በሉ። ቶልኩ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። «ያውቀኛል» ብላችሁ ከፈራችሁ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ።

ልጆቻችን ይሸኙን እንጂ አያስተርጉሙን። የአያቱን ሕመም መሸከም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም። ይሉኝታንም ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ትተን እንግባ።