«ዳ ቪንቺ ኮድ» እና ሠለስቱ ምዕት

ዳን ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ2003 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ተነሥቶ ሮን ሃዋርድ በ2006 ለሕዝብ ያቀረበው «ዳ ቪንቺ ኮድ» የተሰኘው ፊልም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ፣ ነፍስ ግድያንና ነገረ ሃይማኖትን በአንድ ክር የገመደ ሥራ ነው። በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር በሌሊት የተገደለው አዛውንት ኃላፊ ትቶት ያለፈውን የምልክት ጽሕፈት ለመፍታት፣ በቶም ሃንክስ የተመሰለው መምህር ላንግደንና በሟቹ እጅ ያደገችው ሶፊ፣ ፖሊስም ነፍሰ ገዳዩ መነኩሴም እያሳደዷቸው፣ ከፓሪስ ወደ ለንደን፣ ከዚያም በስኮትላንድ ወዳለው ወደ ሮስሊን ጸሎት ቤት ይገሠግሣሉ።

ስለ ሩጫው ይህ ይበቃል። ኢያን ማኬለን የሚጫወተው ባለጸጋው ሊቅ ቲቢንግ ግን፣ ሊዮናርዶ በሚላኖ ገዳም ግድግዳ ላይ የሣለውን የመጨረሻውን እራት እያሳየ፣ በጌታ ቀኝ ያለው ጢም አልባ ወጣት መግደላዊት ማርያም ናት፣ የክርስቶስም አምላክነት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው ብሎ ሲያስረዳ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ ዓይኑም በደስታ የሚያበራ ስለ ሆነ፣ ተመልካች ሳይታወቀው ወደ ማመን ያዘነብላል። የፊልሙ ኃይልም አደጋውም በዚህች ትዕይንት ላይ ነው።

ቅዳሴ ሠለስቱ ምዕትን እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይቻለውም። በጉባኤው የተወገዘው አርዮስ ራሱ ክርስቶስን ከፍጥረት ሁሉ አስቀድሞ የተፈጠረ አለው እንጂ ተራ ሰው አላለውም፤ ሠለስቱ ምዕት የተባሉት 318ቱ የጉባኤው ሊቃውንት የተከራከሩትም ወልድ ፍጡር ነውን ወይስ በባሕርዩ ከአብ ጋር የተካከለ በሚለው ነገር ሲሆን፣ ውሳኔውን አንቀበልም ብለው ከአርዮስ ጋር የተሰደዱት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለት ብቻ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ብቻውን ወሰነው የሚለውንም የቲቢንግ ቃል፣ ቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍትን ስትቆጥር ሌሎች 73 ወይም 66 እንደሚቆጥሩ የሚያውቅ ሰው ከቶ አይቀበለውም። ስለ ሥዕሉ የሆነ እንደ ሆነ፣ ዮሐንስ ፍቁረ እግዚእን ያለ ጢም መሣል በዚያ ዘመን የኢጣልያ ሠዓሊዎች ልማድ ነበር። በፊልሙ ከመስቀል ጦርነት ዘመን ጀምሮ የመግደላዊትን ምሥጢር ጠበቀ የተባለውን የጽዮን ማኅበርም ፒየር ፕላንታርድ የተባለ ፈረንሳዊ በ1956 አስመዘገበው፤ ለጥንትነቱ ምስክር ተብለው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ጽሑፎችም የሐሰት ሥራ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ ሳለ ይታይን ብትሉኝ፣ ይታይ እላለሁ። ከመጽሐፉ ይልቅ በፊልሙ ላንግደን የቲቢንግን ቃል እየተቃወመ መናገሩ መልካም ነው፤ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን አለቆች ቀረጻውን ስለ ከለከሉ በምትኩ የቆመው የሊንከን ካቴድራል ግርማም ዓይን ይማርካል። ይልቁንም በፍጻሜው ላንግደን በሉቭር አደባባይ በሌሊት ብቻውን ሲንበረከክ፣ የሃንስ ዚመር ሙዚቃ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ቲቢንግ ከተናገረው ሁሉ አንዱን እንኳ ሳልቀበል፣ ለዚያች ትዕይንት ስል ፊልሙን ሁለተኛ አይቼዋለሁ።